ሃያ ሁለት ዜሮ፦ ለባሌት ትምህርት ቤታችን ክብርት ዳይሬክተር

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ ብርቅታይት
የባሌት ትምህርት ቤታችን መሥራችና ዳይሬክተር
ላስ ቬጋስ

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለእግርዎና ለወገብዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎም ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ እንዴት እንደሆንኩ ቢጠይቁኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ደብዳቤዬ በሙሉ ስለዚህችው መልስ ስለሆነ ግን በመግቢያው ላይ አልቆይባትም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እታፈራሁ እባላለሁ፤ የሀሌታ እናት ነኝ። ስትሪፑ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ በሠራተኞች የደንብ ልብስ ክፍል ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የተተረተረ ጠርዝ እሰፋለሁ። የምኖረው ፓራዳይዝ በሚባለው የላስ ቬጋስ አጎራባች ሰፈር፣ በአንድ አፓርትመንት ውስጥ ከልጄ ጋር ነው፤ ባለቤቴ ጥላሁን ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጣ፣ አስተያየት ሲጠየቅ ጫማዋን የምታየው ሴት እኔ ነኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ድምፄን ስላልሰሙ ይህን ያህል መጻፌ እንደሚያስገርምዎ አውቃለሁ፤ እኔንም አስገርሞኛል።

ለመጻፍ ያበቃኝ ባለፈው ሳምንት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያወጡት መልእክት ነው። የፀደዩ ትርኢት ሊጀመር ሦስት ሳምንት እንደቀረው ካበሰሩን በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ ለልጆቻችን ደኅንነት የሚያደርገውን ጥንቃቄ ዘርዝረው፣ በገና ሰሞን በአንዲት ተማሪ እግር ላይ የደረሰው ጉዳት «በወላጅ የቋንቋ ክፍተት ምክንያት በተፈጠረ የመረጃ ስህተት» መሆኑን፣ አሠራሩ ግን እንከን ስለሌለው በፀደይም እንዳለ እንደሚቀጥል ገልጸውልናል። ስሜን ስላልጠቀሱ አመሰግናለሁ። በግሩፑ ውስጥ በገና ሰሞን የእግሯ አጥንት የተሰነጠቀ ልጅ ያለቻት ሴት አንድ ብቻ ስለሆነች፣ መጥቀሱም አያስፈልግም ነበር። እርስዎ በአደባባይ ስለጻፉ እኔም በአደባባይ እመልሳለሁ፤ የማኅበረሰባችን ጋዜጣ አዘጋጅ እንዲያወጣልኝም ለምኜዋለሁ።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፎርሙ። ለማያውቁት አንባቢዎች ላስረዳ። ከጥቅምት ጀምሮ፣ የገናው ትርኢት ልምምድ ሲጠናከር፣ በየቅዳሜው ለያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ወረቀት ይሰጣል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ልጅቷን በሳምንቱ ውስጥ ምን ያህል እንዳመማት ከዜሮ እስከ አሥር ባለ ቁጥር መጻፍ። ዜሮ ምንም፣ አሥር የማይቻል ማለት ነው። ከሦስት በላይ የተጻፈላት ልጅ እንድታርፍ ይደረጋል፣ ቦታዋን ተጠባባቂዋ ትይዛለች፣ የተያዘ ቦታ ደግሞ እስከ ወቅቱ ፍጻሜ አይመለስም። ሕመሟን የተናገረች ልጅ ወዲያው የምታርፍበት፣ ያረፈች ልጅ ወዲያው የምትረሳበት እንዲህ ያለ አሠራር ስለዘረጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከአደጋው በኋላ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ላቀች ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ለማሳየት የፎርሞቹን ማኅደር ገልጠውልኝ ነበር። ሃያ ሁለት ልጆች፣ አሥራ አንድ ቅዳሜ፣ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ። በሳምንት ስድስት ቀን በእግራቸው ጣት ጫፍ የሚቆሙ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሱሪያቸው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ የሚቀርባቸው በማደግ ላይ ያሉ ሃያ ሁለት ልጆች፣ በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ አንዷን እንኳ አንድ ቀን ጣቷን አላመማትም። ክብርት ሆይ፣ ከሃያ ሁለት ሰው አንዱን እንኳ የማያመው ቦታ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ሰርግ ቤት እንኳ ቢያንስ ሁለት ሰው ወገቡን ይይዛል። ይህን ሁሉ ዜሮ እየተቀበሉ አንድ ቀን ሳይገርምዎ በቀን ተራ አስረው ስላስቀመጡት የጽሕፈት ቤትዎን ሥርዓት ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፣ ስለ ወለሉና ስለ ጫማው። ሀሌታ ከተጎዳች በኋላ ከቤተ መጻሕፍት ስለ ዳንሰኞች እግር የሚናገር መጽሐፍ ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ሦስት ጊዜ የመመለሻ ቀኑን አራዝሜ ጨረስኩት። ዳንሰኛ የሚዘልበት ወለል ከሥሩ ክፍተት ያለው፣ ሲረገጥ ትንሽ እሺ የሚል እንጨት መሆን አለበት ይላል። የእኛው በሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ፕላስቲክ ነው፤ ለማጽዳት እጅግ እንደሚመች እኔም በሙያዬ እመሰክራለሁ። ያው መጽሐፍ በጣት ጫፍ የሚቆምበት ጫማ ሶሉ ከለሰለሰ በኋላ እግር መደገፉን ያቆማል፣ ስለዚህም ሳይዘገይ ይጣል ይላል። በትርኢት ሰሞን ግን አዲስ ጫማ እስኪለመድ ጊዜ ስለሚወስድ ልጆቹ የለመዱትን እንዲቀጥሉ ተነገራቸው። ሀሌታ እስክትወድቅ ድረስ ስምንት ትርኢት የጨፈረችው እንደ ጨርቅ በሚታጠፍ ጫማ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ጫማውን በመቀስ ከእግሯ ላይ ስቀድደው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ዕረፍት። በአሥራ ሰባት ቀን አሥራ አራት ትርኢት ነበረን፤ ትርኢት በሌለባቸው ሦስት ቀናት ደግሞ እርስዎ «ቀለል ያለ» ያሉት የአራት ሰዓት ልምምድ። እኔ በምሠራበት ክፍል የስፌት መኪና መርፌ እስኪሰበር አይጠበቅም፤ የተወሰነ ሰዓት ከሠራ ደህና ቢመስልም ይቀየራል። ሱፐርቫይዘራችን በዚህ ቀልድ አታውቅም፤ የተሰበረ መርፌ ልብስ ያበላሻል ትለናለች። ለመርፌ የሚታሰበው ለልጅ አጥንት ይታሰብ ብል ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሽልማቱ። በመዝጊያው ዝግጅት ላይ ሀሌታን በክራንች መድረክ አስወጥተው «ለማይበገር መንፈስ» የሚል በመስታወት የተቀመጠ የምስክር ወረቀት ሰጥተዋታል። ታናናሾቿ ሁሉ አይተዋል። በተሰነጠቀ አጥንት ላይ ቆሞ መጨረስ እንደሚያሸልም እንዲህ ግልጽ በሆነ መንገድ ያስተማራቸው ሌላ ትምህርት ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ወረቀቱ ቤታችን አለ፤ አልተሰቀለም።

አምስተኛውንም ለእርስዎ አዘጋጅቼው ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ምክንያቱም በጻፍኩት ቁጥር የእኔ ሆኖ ይገኛል። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እዚህ ላይ ብዘጋው እኔም እንደ እርስዎ መልእክት አንዲት እናት ብቻ ያልተጠቀሰችበት ጽሑፍ ጽፌ እገባለሁ።

ስለዚህ አምስተኛው ይኸው። ወይዘሮ ላቀች ማኅደሩን ካሳዩኝ በኋላ እጄን ይዘው፣ ለእኔው አስበው እንደሆነ ይገባኛል፣ «እታፈራሁ፣ እህቴ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነገር ነው። እንግሊዝኛው አልገባኝም በይ። ማን ይፈርድብሻል? ሁላችንም ከዚያው አይደል የመጣነው!» አሉኝ። የእርስዎም መልእክት «የቋንቋ ክፍተት» ያለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ቸርነታችሁን አመሰግናለሁ፤ ግን አልቀበለውም። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ለጥቂት ጊዜ ነው። ማንበብ የተማርኩት በልጅነቴ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከነበረው ጋዜጣ ነው፤ አንደኛው ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን ቀልብሼ ጨርሼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባ ወረቀት ሳላነብ ጥዬ አላውቅም፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ የአውቶቡስ ማስታወቂያ፣ የማጠቢያ ማሽን መመሪያ ሁሉ አነባለሁ። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ፣ አንድ ቃል በአንድ ቃል፣ ብቻዬን ነው የተማርኩት። ፎርሙን አንብቤዋለሁ። ከታች በኩል በትንንሽ ፊደል የተጻፈውንም አንብቤዋለሁ፤ «መልሱን ልጅዎ ራሷ ትስጥ» ይላል። ማንም ካላነበበው እኔ አንብቤዋለሁ። አንብቤው ነው ያልታዘዝኩት።

እንዴት እንደነበረ ልንገርዎ። ኅዳር ውስጥ ነው፤ በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼ ነበር። ሀሌታ አጠገቤ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስትጠቀልል፣ ሳልጠይቃት፣ «ማሚ፣ ፋይቭ ብለሽ ጻፊ። እዚህ ጋ ኸርት ያደርገኛል» ብላ የቀኝ እግሯን መዳፍ ላይኛውን በኩል በጣቷ አሳየችኝ። እኔም «የምን አምስት ነው? በስንት መከራ ያገኘሽውን ቦታ! ክፉ አትናገሪ፣ ደህና ነሽ» ብዬ፣ እያየችኝ ዜሮ ጻፍኩ። ዜሮዋን አሳምሬ ነው የጻፍኳት፤ ክብ አድርጌ። ሀሌታ ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ወረደች።

ለምን ብለው ቢጠይቁኝ ብዙ መልስ አለኝ፤ አንዱም አያኮራም። እኛ ሰው እንዴት ነሽ ሲለን ደህና ነኝ ማለትን እንጂ በሕመም መጀመርን አልለመድንም፤ በልጅ ላይ ደግሞ ክፉ ነገር በወረቀት መጻፍ መጥራት ይመስለኛል። ይህ አንዱ ነው። ሌላው፣ በገናው ትርኢት ውስጥ የበረዶውን ጭፈራ የምትመራው እርሷ ነበረች፤ በረዶን ከሩቅ ተራራ ላይ አይታ እንጂ በእጇ ነክታ የማታውቅ ልጄ። ትርኢቱ የሚታየው ደግሞ እኔ በምሠራበት ሆቴል ቴአትር ውስጥ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጀርባ በር፣ በቆሻሻ መጣያው በኩል ነው የገባሁት። ለክፍላችን ሴቶች ሁሉ በዚያን ቀን በፊት ለፊቱ በር፣ በመስታወቱ በር እንደምገባ ነግሬያቸው ነበር። የልጄ እግር አምስት ሲል እኔ የሰማሁት በሩ ሲዘጋብኝ ነው። ክብርት ሆይ፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል፤ ግን አሠራሩ እንከን የለውም ስላሉ፣ እንከኑ ምን እንደሚመስል በእጅ ጽሑፌ ሊያዩት ይገባል ብዬ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቱን ገና ስዘረጋ ሀሌታ ከጫማዋ ቀና ሳትል «ዚሮ» አለችኝ። በሰባተኛውም፣ በስምንተኛውም እንዲሁ። እኔም ተመስገን ተሻላት አልኩ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯን በቅባት አሸሁላት፣ እናቴ ታሸኝ እንደነበረው፣ አጥብቄ፤ ዘጠኝ ቀን አሸሁት። ስትታሽ ጥርሷን ትነክስ ነበር፤ እኔ ግን የሚፍታታ ሥር መሰለኝ። በኋላ ሐኪሙ የእግሯን የራጅ ፎቶ በብርሃን ላይ አድርጎ ከእግር መዳፍ አጥንቶች በሁለተኛው ላይ ያለችውን ቀጭን መስመር ሲያሳየኝ፣ አውራ ጣቴ ያርፍ የነበረው በትክክል እዚያ ላይ ነበር።

በስምንተኛው ትርኢት መጨረሻ ላይ ሀሌታ ጨፍራ ጨርሳ፣ እጅ ነስታ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ስትደርስ ወደቀች። እኔ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ አጨበጭብ ነበር። ሐኪሙ ይህ የዛሬ ስብራት አይደለም፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ስንጥቅ ነው፣ በጊዜው ቢታረፍ ኖሮ በጥቂት ሳምንት ይድን ነበር አለ። ቀጥሎም ወደ እርሷ ዞሮ አሁን ምን ያህል እንደሚያማት ከዜሮ እስከ አሥር እንድትነግረው ጠየቃት። ሀሌታ ከመመለሷ በፊት እኔን አየችኝ። ስንት እንድትል እንደምፈልግ ልታነብ ፊቴን አየችኝ። ከሰማሁት ሁሉ፣ ከፎቶውም፣ ከምርመራውም ይልቅ የቆረጠኝ ይህ ነው።

ይህ የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ወይዘሮ ላቀች ያሉኝን ሰበብ ይዤ ዝም እል ነበር። ግን አይደለም። ባለቤቴ ጥላሁን መንገደኛ ከኤርፖርት የሚያመላልስ የሹትል ሹፌር ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት መተንፈስ ሲከብደው ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘችን። አስተርጓሚዋ የእኛው ሰው ነበረች፤ ድምጿ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ድምፅ መሰለኝ። «ደረታቸው ላይ ያማቸዋል ወይ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ጥላሁን አፉን ከመክፈቱ በፊት «ኧረ ደህና ነው፣ የሺፍት ድካም ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የነገርናትን እሑድ መቶ ሰው ይሰማዋል ብዬ ፈራሁ። ጥላሁን አየኝ። በአምስተኛው ቀን ሹትሉን ፓርክ አድርጎ ሳይወርድ ቀረ። ከለቅሶው በኋላ ክሊኒኩ ደውዬ ስጠይቅ አስተርጓሚዋ የምትሠራው ከሌላ ስቴት ሆና ነበር። አታውቀንም። ማንም አይሰማም ነበር።

ይህን ለስድስት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ከእኔ ትስማው ብዬ ባለፈው እሑድ ለሀሌታ ነገርኳት። «ባት ማሚ፣ ዳዲ ራሱ ለምን አልተናገረም?» አለችኝ። ቀደምኩት አልኳት። «ላይክ ሚ» አለች። አዎ አልኳት፤ እንዳንቺ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ፤ ጉዳዬ የእኔ ልጅ አይደለችም። የእኔዋ በዚህ ዓመት አትጨፍርም፤ ከዚያ በኋላም መጨፈር አለመጨፈሯን የምትወስነው ራሷ ናት። ባለፈው ቅዳሜ የሀሌታን የትርኢት ልብስ ልመልስ መጥቼ፣ ልምምዱ እስኪያልቅ ከውጪው የብረት ደረጃ ሥር ቆሜ ነበር። ልጆቹ እየተንጫጩ ወረዱ። አንዷ ግን ኋላ ቀርታ መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በጎኗ ዞራ፣ አንዱን እርከን በሁለት እግሯ እየረገጠች ወረደች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ አየችኝና ቀጥ አለች፤ «ሃይ እትዬ!» ብላኝ እንደ ደህና ሰው ወደ መኪናቸው ተራመደች። ሀሌታ በኅዳር ወር ይህንኑ ደረጃ ልክ እንደዚያ ነበር የምትወርደው፤ እኔ ስልኬን እያየሁ መኪና ውስጥ ነበርኩ።

ሄጄ እናቷን አናገርኳት። «ኧረ ተመስገን፣ ደህና ናት! ምን አየሽባት?» አለችኝ። ደረጃውን ነገርኳት። «ይቅርታ አድርጊልኝ እታፈራሁ፣ ያንቺ ልጅ ተጎዳች ተብሎ የሰውን ልጅ ሁሉ እግር እግሩን ማየት ደግሞ ደግ አይደለም። ትርኢቱ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» ብላ የመኪናውን በር ዘጋች። አልተቀየምኳትም። በኅዳር ወር እኔን ማን ቢጠይቀኝ ቃል በቃል ይህንኑ እል ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ አንዲት እናት በአደባባይ ስትነሣ ምን እንደሚሰማት ከቴሌግራሙ ተምሬያለሁ። ለረዳት አስተማሪዋም ነገርኳት፤ የልጅቷ ፎርም ዜሮ ነው አለችኝ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ይህን ነው። ፎርሙን ለእኛ ለእናቶች አይስጡን፤ እኛ አንታመንም። ከእያንዳንዷ ልጅ ጋር እናቷም አስተማሪዋም በሌሉበት አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ልጅቷም ራሷ ትናገር። ያረፈች ልጅ ስትድን ቦታዋ ይጠብቃት፤ ሁለት ሳምንት ማረፍ ቦታ እስካስከፈለ ድረስ ዜሮ ይቀጥላል። በትርኢት ሰሞንም ቢሆን በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እግራቸው ከወለሉ ይረፍ። የሞተ ጫማም ይጣል፤ ለቴአትሩ አዳራሽ አበባ ማስጌጫ ከሚወጣው ትንሽ ተቀንሶ ቢሆንም። ይህ ሁሉ እስኪሆን ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ከደረጃው ሥር ቆመው ሃያ አንዱንም ሲወርዱ ይመልከቷቸው። አፋቸው የማይለውን እግራቸው ይነግርዎታል። አሥራ ስምንት እርከን ነው፤ ብዙ ጊዜ አይወስድብዎትም። መቆም ካስቸገረዎ ወንበር እኔ አመጣለሁ።

ሀሌታ ማቀዝቀዣው በር ላይ የራሷን ወረቀት ለጥፋለች። በየቀኑ ማታ ከእራት በፊት ቁጥሯን ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሳላሳምር። የመጀመሪያው ቀን አራት ነበር። ከጎኑ ሌላ ረድፍ ሠርታ «ይሄ ያንቺ ነው። ጉልበትሽ ስንት ነው?» ስትለኝ አፌ ቀድሞኝ ደህና ነኝ አለ። እስክርቢቶውን እንደያዘች ጠበቀችኝ። ስድስት አልኳት። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ቃል ተናግሬያለሁ፤ ስድስትን ያህል ግን ያስቸገረኝ የለም።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዓመታት ድካምዎ፣ ስሜን ሳይጠቅሱ ሁሉም ሰው እንዲያውቀኝ ስላደረጉበት ጥበብ፣ ከሁሉም በላይ ሰበብ አዘጋጅተው ስለሰጡኝና እምቢ ለማለት ስላበቁኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎና ለትምህርት ቤትዎ ያለኝን አክብሮት ከኋላው ወንበር ላይ ሆኜ በድጋሚ እገልጻለሁ።

እታፈራሁ፣ የሀሌታ እናት፣ የጥላሁን ሚስት የነበርኩ፤
ፎርሙን አንብቤ የሞላሁ
ፓራዳይዝ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከደረጃው ሥር ስቆም ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ መብራቱን አጥፍተው የወረዱት እርስዎ ነበሩ። ማንም ያለ አልመሰለዎትም። መደገፊያውን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ በጎንዎ ዞረው፣ አንዱን እርከን በሁለት እግርዎ እየረገጡ ወረዱ። ሰላም ስልዎት ቀጥ ብለው እንዴት ነሽ አሉኝ፤ እኔም ደህና ነኝ አልኩ፤ እርስዎም ደህና ነኝ አሉ፤ ሁለታችንም ፈጣሪን አመስግነን ተለያየን። ልጆቹ ይህን ከእናቶቻቸው ብቻ የተማሩት መስሎኝ ስንት ወር አፈርኩ። በሚመችዎ ቀን ቁጥርዎን ይንገሩኝ፤ ከዜሮ በቀር የሚሉኝን ሁሉ አምናለሁ።